ጀርመን ሁለቱንም ፈቀደች፤ አባባ ግን አልፈቀዱም

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጆች፤ እንደምን ሰነበታችሁ።

ኑርንበርግ የምኖር የ37 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። ጀርመን የመጣሁት በፈረንጆቹ 2015 ሲሆን ቋሚ መኖሪያ ያገኘሁት በ2021 ነው። ትልቋ ልጄ በ2019 ስትወለድ ኢትዮጵያዊት ተብላ ተመዘገበች። ትንሹ በ2025 ሲወለድ ግን ሽታንደስአምቱ (የልደትና የጋብቻ መዝገብ ቢሮው) ጀርመናዊ ነው ብሎ ጻፈልን። ባለፈው ጥምቀት አገር ቤት ስንገባ ቦሌ ላይ እኔና ሴቷ በአንድ ሰልፍ ቆምን፤ ባለቤቴ ሕፃኑን ታቅፎ በሌላ ሰልፍ። ልጄ ቀና ብላ፣ «እማዬ፣ ማሙሽ የኛ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ለዜግነት ካመለከትኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። አሁን ቢሮው «መጥተሽ ኡርኩንደሽን (የዜግነት ምስክር ወረቀትሽን) ውሰጂ» ብሎ ጻፈልኝ፤ ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ትልቋም አብራኝ ናት። ጓደኞቼ «ጀርመን ሁለት ዜግነት ፈቅዳለች፤ ሁለቱንም ፓስፖርት ይዘሽ መኖር ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ «እኔ አልፈልግም፤ አንቺ ከፈለግሽ ውሰጂ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። አባባ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ካራማራ ላይ ቆስለዋል። በስልክ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ለማን ልትምይ ነው?» ብለው ስልኩን ለእናቴ ሰጧት።

ደሴ በስሜ የተመዘገበች ትንሽ ቤት አለችኝ፤ ወንድሜ በውክልና ያከራያታል። ጥቂት የባንክ አክሲዮንም አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ሁለት ልብ የሆንኩት ነኝ፣ ከኑርንበርግ

* * *

እህታችን፣ ደብዳቤሽን ስናነብ ከሁሉ የያዘን የልጅሽ ጥያቄ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ጓደኞችሽ ያሉሽን እናጥራ፤ ምክንያቱም እውነቱ ግማሽ ነው፣ ያ ግማሽ ደግሞ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ጀርመን እ.አ.አ. ከሰኔ 27 ቀን 2024 ጀምሮ ዜግነቷን የሚወስድ ሰው የቀድሞውን እንዲተው አትጠይቅም። ይህ ልክ ነው። ነገር ግን ይህ የጀርመን ሕግ ስለ ጀርመን ነው የሚናገረው። የኛው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 ደግሞ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ማመልከቻ አታስገቢም፣ ኤምባሲ ሄደሽ አትፈርሚም፤ ኡርኩንደውን በእጅሽ ስትቀበዪ በኢትዮጵያ ሕግ ዓይን ነገሩ አብሮ አለቀ። ጓደኞችሽ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ይዘው ነው የሚመክሩሽ። ችግሩ አንዱን ባላ ስትተክዪ ሌላው በዚያችው ቅጽበት በራሱ መነቀሉ ነው። ከጀርመን ቢሮ ማንም ይህን አይነግርሽም፤ የእነሱ ጉዳይ አይደለምና።

«ሁለቱንም ይዤ ብኖርስ?» ልትዪ ትችያለሽ። የሚያደርጉት አሉ፤ የሚሰናከሉትም አብዛኛውን ጊዜ መውጫው ላይ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርትሽ ቦሌ ገባሽ እንበል፤ ማህተሙ እዚያ ላይ አረፈ። ስትመለሺ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ጀርመን የሚያስገባሽን ወረቀት ይጠይቅሻል። የመኖሪያ ፈቃድሽ ጀርመናዊት በሆንሽበት ዕለት አብቅቷል፤ ስለዚህ የምታሳዪው የጀርመኑን ፓስፖርት ነው። ቀጥሎ ያለው የኢሚግሬሽን መኮንን ያንን ሲገልጥ ቪዛ የለውም፣ የመግቢያ ማህተምም የለውም። «በምን ገባሽ?» ሲልሽ ሁለተኛውን ፓስፖርት ከቦርሳሽ ማውጣትሽ ነው፤ እሱም በሕግ ያንቺ መሆኑ ያበቃ ሰነድ ነው። ልጆች ይዘሽ እዚያ መስኮት ላይ መቆም አትፈልጊም። ከዚህም ሌላ፣ አገር ቤት ውስጥ አንድ ነገር ቢገጥምሽ በኢትዮጵያዊነት የገባሽን ሰው የጀርመን ኤምባሲ ብዙ ሊረዳሽ አይችልም።

አሁን ወደ አባባ። ጥያቄያቸው ከባድ ነው፣ ግን መልስ አለው፤ «ለማን» ከማለት በፊት ምን እንደሚባል ማወቅ ይጠቅማል። ኡርኩንደው ሲሰጥሽ ጮክ ብለሽ የምትዪው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጀርመን ፌዴራላዊ ሪፐብሊክን መሠረታዊ ሕግና ሕጎች እንደማከብር፣ እሷን ሊጎዳ ከሚችል ነገር ሁሉ እንደምቆጠብ በክብር አረጋግጣለሁ» እንደ ማለት ነው። የእግዚአብሔር ስም የለበትም፣ «የቀድሞ አገሬን ክጃለሁ» የሚል ቃልም የለበትም። አሜሪካ ውስጥ የሚማለው ቀድሞ ታማኝ ለነበሩለት መንግሥት ሁሉ ታማኝነትን መካድ የሚል ቃል አለው፤ አባባ ከዚያ የሰሙትን ይዘው ከሆነ፣ ያንቺ እሱ አይደለም። ማመልከቻውን ስታስገቢ ደግሞ ለነጻው ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ታማኝ መሆንሽን፣ በናዚ ዘመን ለተፈጸመው ግፍ ጀርመን ያለባትን ታሪካዊ ኃላፊነትና የአይሁዶችን ሕይወት መጠበቅ መቀበልሽን የሚገልጽ ወረቀት ፈርመሻል። በኛ አስተያየት ከሁለቱ የሚከብደው እሱ ነው፤ እሱን ከፈረምሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሻል።

ለአባትሽ ግን ይህን ሁሉ እንደ ጠበቃ አትዘርዝሪላቸው። ዝም ብለው ስልኩን ለእናትሽ የሰጡ አባት የሚፈሩት ወረቀቱን ነው ወይስ መቅረትሽን? ለባንዲራ የቆሰለ ሰው ልጁ ሌላ ባንዲራ ስር ስትቆም ያመዋል፣ ይህን አናቃልልም። ሆኖም በዚያ ዕድሜ ያለ አባት ሳይናገር የሚያብሰለስለው ሌላም ነገር አለ፦ ማን ያስታምመኛል፣ ማንስ ይቀብረኛል። ይህን ከጠየቅሽ በኋላ ነው ያችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፈሽ ለወንድምሽ ልከሽ እንዲያነብላቸው ማድረግ የሚጠቅመው። በስልክ አትንገሪያቸው፤ በስልክ አንዴ ተበላሽቷል።

አንድ ነገር ሳትደብቂ ልትነግሪያቸው የሚገባም አለ። ትንሹ ልጅሽ በልደት ጀርመናዊ ነው፤ አንቺ ኡርኩንደውን ወሰድሽ አልወሰድሽ ያ አይለወጥም። እ.አ.አ. ከ2026 ጀምሮ በሚሠራው የጀርመን ሕግ እ.አ.አ. ከ2008 ወዲህ የተወለዱ ወንድ ዜጎች 18 ሲሞላቸው የውትድርና መጠይቅ የመሙላት ግዴታ አለባቸው፤ አገልግሎቱ ራሱ ለጊዜው በፈቃደኝነት ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ልጁ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ የጀርመኑን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ እንደተወው ይቆጠራል። የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን ራሱ ይመርጣል። አባባ ይህን ካንቺ ቢሰሙ ይሻላል።

ስለ ቤትሽና ስለ አክሲዮንሽ ያለሽ ስጋት መሠረት አለው፣ መፍትሔም አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን በመርህ ይከለክላል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ በቅድመ ሁኔታ ቢያላላውም። ከዚህ የሚያወጣሽ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ ሰዉ ቢጫ ካርድ የሚለው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የሚሰጠው በእሱ ነው። ካርዱ ካለሽ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ትኖሪያለሽ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠሪያለሽ፤ ቤት ይኖርሻል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ኢንቨስት ታደርጊያለሽ። የማይሰጥሽም አለ፦ መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች መቀጠር። ባንክን በተመለከተ እ.አ.አ. በ2016 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ተደርጎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ 1159 ነገሩን መለሰው። ስለዚህ አክሲዮኑ አይወሰድብሽም፤ ዜግነትሽ መቀየሩን ግን ለባንኩ አስታውቂ። ትርፍ ሲከፋፈል ወይም ውርስ ሲመጣ ከሚወጣ ዛሬ ራስሽ ብትነግሪያቸው ይቀላል።

«ብጸጸትስ?» ያልሽ እንደሆነ፣ የአዋጅ 378 አንቀጽ 22 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ የኖረ፣ የውጭ ዜግነቱን የተወና ያመለከተ ሰው መልሶ ዜግነቱን ያገኛል ይላል። ጥሩ ነው። ጀርመን ግን ሌላ ዜግነት የሌለው ዜጋዋ ዜግነቱን እንዲተው አትፈቅድም፤ አገር አልባ እንዳይሆን ነው። ኢትዮጵያ «መጀመሪያ ተዪ» ስትል ጀርመን «መጀመሪያ ሌላ ያዢ» ትላለች። መመለሻው በወረቀት ላይ አለ፣ በተግባር ጠባብ ነው። ውሳኔሽን እንደማይመለስ አድርገሽ ብትመዝኚው ይሻላል።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ጥያቄ እንጠይቅሽ። «አንቺ ከፈለግሽ ውሰጂ» ሲል ፈቃድ ሰጠሽ ወይስ ራሱን ከነገሩ አወጣ? እነዚህ ሁለቱ በድምፅ ይመሳሰላሉ። ሳትለዪው ቀጠሮው ላይ ብትቆሚ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሦስት ጀርመናውያንና አንድ ኢትዮጵያዊ ይኖራሉ፤ እሱ ያንን ቁጥር ሳይቆጥረው አይቀርም። የእሱ እንቢታ ግን እንደምታስቢው ጉዳት ብቻ የለውም። ያለ ፈቃድ ከስድስት ወር በላይ ከጀርመን የወጣ ሰው ቋሚ መኖሪያው ይወድቅበታል። ቋሚ መኖሪያ ያለውና ከጀርመናዊት ሚስቱ ጋር የሚኖር ባል ግን ከአገር የሚያስወጣ ከባድ ምክንያት እስከሌለበት ድረስ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ስለዚህ አንቺ ጀርመናዊት ከሆንሽ፣ እሱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ወላጆቹን ለማስታመም ስምንት ወር ቢቆይም ፈቃዱ አይወድቅም። ከመሄዱ በፊት አውስሌንደርበሄርደ (የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ) ሄዶ ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይጠይቅ፤ ሲመለስ ድንበር ላይ የሚከራከርለት እሱ ነው። አንዱ ወስዶ አንዱ መቅረቱ ለናንተ ቤት ምናልባት ከሁሉ የሚስማማው ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ስልክ ሳይኖር።

ገና ካልተወሰነልሽ ደግሞ አምስት ሳምንቱ አያስጨንቅሽ። ለቢሮው ጽፈሽ ቀጠሮ እንዲያራዝሙልሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ጉዳዩ እንዳይዘጋ መልሳቸውን በጽሑፍ ያዢ። ጨርሶ መቅረት ካሰብሽም መንገድ አለ። ቋሚ መኖሪያሽን ዳወርአውፍንትሃልት-ኢኡ ወደሚባለው፣ በአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ወደሚታወቀው ፈቃድ ማስቀየር ትችያለሽ። አምስት ዓመት መኖርና 60 ወር የጡረታ መዋጮ ይጠይቃል፤ ነርስ ሆነሽ ስትሠሪ ከርመሽ ይህ አይቸግርሽም። ይኸኛው የሚወድቀው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ 12 ወር ሳያቋርጡ ሲቆዩ ነው እንጂ በስድስት ወር አይደለም። የቋንቋና የዜግነት ፈተና ወረቀትሽ አያረጅም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሐሳብሽ ቢለወጥ እንደገና ማመልከት ትችያለሽ፣ 255 ዩሮውን ግን እንደገና ትከፍያለሽ። የሚቀርብሽ ነገር ድምፅ መስጠት ነው። ከኅብረቱ ውጭ የመጣ ሰው ጀርመን ውስጥ የከተማ ምክር ቤት እንኳ አይመርጥም፤ አሥር ዓመት ግብር ከፍለሽ።

እኛ ግን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብበነዋል፤ የቀረ ሰው ደብዳቤ አይመስልም። ያኔ ማመልከቻውን ስትሞዪ ምን ፈልገሽ ነበር? ያ ፍላጎት ዛሬም ካለ፣ አሁን የያዘሽ ነገር ሐዘን ሊሆን ይችላል። ሐዘን «አትሂጂ» ማለት አይደለም።

የምትሄጂ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሦስት ነገር ጨርሺ። ወንድምሽ የቤቱን ካርታ የተረጋገጠ ቅጂ አውጥቶ የዓመቱን ግብር ከፍሎ ደረሰኙን ይላክልሽ። የያዘው ውክልና ላይ ዜግነትሽ «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ ስለተጻፈ፣ በኋላ በዚያው ትልቅ ነገር፣ ለምሳሌ ሽያጭ፣ ልፈጽም ቢል ጥያቄ ያስነሳል፤ ቢጫ ካርድሽ ሲወጣ በአዲሱ ማንነትሽ አዲስ ውክልና ስጪው። የኢትዮጵያ ፓስፖርትሽን ገጽ በገጽ ኮፒ አድርጊ፣ ዋናውንም እንዳትጥዪው፤ ትውልድሽን የምታስረጂው በእሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ስምሽን ተጠንቀቂ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጀርመናዊ የሆነ ሰው ሽታንደስአምት ሄዶ ከስሞቹ የትኛው የመጀመሪያ፣ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሚሆን መግለጽ ይችላል። ብዙዎች ሲገላገሉ አጭሩን ይመርጣሉ፤ የራስና የአባት ስም ይዘው የአያትን ይጥላሉ። ደሴ ያለው ካርታ ላይ ግን ያለሽው በሦስት ስም ነው። ከዓመታት በኋላ በሁለት ስም፣ ምናልባትም በሌላ የፊደል አጻጻፍ ፓስፖርት ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት ስትቆሚ «ይቺ ሌላ ሰው ናት» ይሉሻል፤ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤትና ምስክር ነው። የምንመክርሽ ሦስቱንም ስም እንድታስቀሪ፣ የአያትሽን የቤተሰብ ስም እንድታደርጊ ወይም ቢያንስ ከመጀመሪያ ስሞችሽ ተርታ እንዳይወጣ እንድታደርጊ ነው። ፊደሉም በአሮጌው ፓስፖርት እንዳለ ይቀመጥ። መግለጫው አንዴ ከተሰጠ መልሶ መቀየር ከባድ ስለሆነ ለልጅቷም አብረሽ አስቢበት። ከሽታንደስአምቱ የሚሰጥሽን ማስረጃ ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ አስተርጉመሽ ከካርታው ጋር አስቀምጪ።

ኡርኩንደውን የተቀበልሽ ዕለት ቀጥታ ቡርገርአምት (የነዋሪዎች አገልግሎት ቢሮ) ሄደሽ ለፓስፖርትና ለመታወቂያ አመልክቺ። ፓስፖርቱ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚያ መሃል የመኖሪያ ካርድ የለሽም፣ ፓስፖርትም የለሽም፣ ስለዚህ ትኬት አትቁረጪ። እግዜር አይበለውና ከቤት መጥፎ ስልክ ቢደወል፣ ጊዜያዊ ፓስፖርት በአስቸኳይ እንዲሰጥሽ እዚያው ጠይቂ፤ የኢትዮጵያ ቪዛ ግን በላዩ ያስፈልግሻል። ለቢጫ ካርድ ፍራንክፈርት ያለው ቆንስላ ወይም በርሊን ያለው ኤምባሲ ትሄጃለሽ፤ አዲሱ ፓስፖርት፣ የኡርኩንደው ቅጂ፣ የድሮው ፓስፖርት፣ ፎቶና ቅጹ ይፈለጋሉ፤ ክፍያውን የዚያን ሳምንት ራሳቸውን ጠይቂ። ለሁለቱም ልጆች አብረሽ አውጪ፣ ትንሹም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ይገባዋል። ካርዱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ የሚያበቃበትን ቀን ከፓስፖርቱ ጋር አጣጥመሽ ጻፊው።

ያኔ ልጅሽ በሚቀጥለው ቦሌ ስትደርሱ ከወንድሟ ጋር በአንድ ሰልፍ ትቆማለች፤ ሌላ ሰልፍ ላይ የሚቆመው አባቷ ይሆናል። «አባዬ የኛ አይደለም እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። ከመሄዳችሁ በፊት መልሱን ራሱ አባቷ ቢነግራት ጥሩ ነው። አባባ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን የጻፍሽበትን ወረቀት ይዘሽ ግቢ፤ ወንድምሽ ያነበበላቸውም ቢሆን፣ ካንቺ አፍ ይስሙት።